ከኤላው አፍ ላይ የተቀመጠው ሳጥን

ከሊበን ገጠር ወደ ነገሌ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ፣ አንድ ከብት አርቢ ሽማግሌና አንድ አስተማሪ ከፊቴ ተቀምጠው ያወሩ ነበር።

«ከከተማ የመጡት ለኪዎች ሳጥናቸውን ከጥልቁ የውሃ ጉድጓዳችን፣ ከኤላው አፍ ላይ አስቀመጡና ከብቶችህን ያዝ አሉኝ» አሉ ሽማግሌው።

«ኮቴው መሬቱን እንዳያናውጥባቸው ነው፣ አባባ። ሳጥኑ ውስጥ በሞላ የተንጠለጠለ ክብደት አለ። ምድር ጠንክራ በምትስብበት ቦታ ሞላው በጥቂቱ ይረዝማል። ድሮማ ፔንዱለም እያወዛወዙ ነበር የሚለኩት።»

«ምድር እንደምትስብ ማን ያጣዋል? እነሱ ባልዲ ከኤላ አውጥተው አያውቁም?»

«መሳቧንማ ሁሉም ያውቃል። ልኩ ግን ከቦታ ቦታ ትንሽ ይለያያል፤ ከሥር ያለው ድንጋይ ይለውጠዋል።»

«እኔን ደግሞ ሳጥናቸው የውሃ ተራዬን አሳለፈኝ። ሳጥኑን ሲያነሱ የሌላ ሰው ተራ ደርሶ ነበር።»

«አባ ሄሬጋው አያዝንልዎትም?»

«የውሃ ተራ የሚያስጠብቅ ሰው ለእንግዳ ሳጥን ብሎ ተራ አይቀይርም። ልክ ነው።»

«ለለኪዎቹስ አልነገሯቸውም?»

«ነገርኳቸው። ዝም በል አሉኝ። ድምፄም ያናውጠዋል መሰለኝ።»

አስተማሪው ሳቅ አለ፤ ሽማግሌው አልሳቁም።

«ሰሞኑን የወለደችው ላሜ ውሃ ሳታገኝ አድራ ዛሬ ጠዋት መነሳት አቃታት። ለኪዎቹ ነገሌ አርፈዋል ሲሉኝ ወደ እነሱ እየሄድኩ ነው።»

«ምን ሊሏቸው?»

«ምድር ምን ያህል እንደምትስብ ማወቅ ከፈለጉ፣ መጥተው ላሜን ያንሷት።»

ጠምቶኝ ነበር፤ ኮዳዬም ውሃ ነበረው፤ ነገሌ እስክንገባ ግን አልከፈትኩትም።