ዘጠኝ ስጥልልህ

ከወልድያ ወደ መርሳ በምንሄድበት ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጡት ወንድና ሴት፣ ብሪጅ የሚባለውን ሁለት ሁለት ሆነው የሚገጥሙበትን የካርታ ጨዋታ ተሸንፈው መመለሳቸው ነው። የጀመረችው እሷ ናት።

"አስ መዘዝክ። እኔ ምን ጣልኩ?"

"ዘጠኝ።"

"ትልቅ ካርታ ስጥል ምን ነበር ውላችን?"

"'በያዝከው ቀጥል' ነው። ትንሽ ከጣልሽ 'ተው'።"

"ታዲያ ለምን ተውክ?"

"ትንሽ ካርታ አጥተሽ የጣልሽው መሰለኝ።"

"መሰለኝ! ውላችንን ለተጋጣሚዎቹም ነግረናቸው የለ? እነሱ እንኳ ገብቷቸው ደንግጠው ነበር!"

"በአፍሽ ብትነግሪኝስ?"

"በአፍማ ክልክል ነው!"

"እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አትጩሂ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! አባቴም ላይ ያደረግከው ይህንኑ ነው!"

"አባትሽን ደግሞ ምን አደረግኳቸው?"

"አጎትህን ሽማግሌ ላክህ። አባቴ ምን አሉ?"

"'እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ብቅ በሉ' አሉ። እምቢ ማለታቸው ነው ብዬ ተውኩት።"

"ወይ አንተ ሰው! በመጀመሪያው ቀን እሺ ብሎ ልጁን የሚሰጥ አባት የት አገር አለ? እምቢ ቢሉ ኑ ይላሉ? ክረምቱን ሙሉ በር በሩን ሲያዩ ከረሙ!"

"እና... አጎቴን መልሼ ብልካቸው ይረፍዳል?"

"ዘጠኝ ጥዬልህ አሁንም ትጠይቀኛለህ?"

"ሾፌር! መርሳ መግቢያው ላይ አውርደኝ፣ አጎቴ ቤት ነው የምሄደው!"

እኔ ከመርሳ በፊት ሲሪንቃ መውረድ ነበረብኝ፤ እነሱን ስሰማ መርሳ ደረስኩ።