የዘንድሮው ገና በማን ሜዳ?

ከፊቴ በበቅሎ የሚሄዱ ሁለት ነጋዴዎች፣ አንድ የመቱ ሽማግሌና አንድ የኖፓ ጎልማሳ፣ የገና ጨዋታ ተራ ይደለድላሉ።

«ዘንድሮ የኡካ ከተማም ተጨምሯል። መጀመሪያ እናንተ ጋ፣ ኖፓ እንጫወት» አሉ ሽማግሌው።

«ኧረ ጋሼ! አምናም በእኛ ሜዳ ስለሆነ በሬ ያረድነው እኛ ነን። በላችሁ፣ አሸነፋችሁን፣ ሰድባችሁንም ሄዳችሁ! ዘንድሮ መቱ ይሁን።»

«የመቱ ሜዳ ጭቃ ነው።»

«በታኅሣሥ?»

«በሬ የሚታረድ ከሆነ፣ አዎ።»

«እንግዲያው ሁሉንም ኡካ እናድርገዋ!»

«ኤዬ፣ ልክ ነው! አዲስ ገቢ ስለሆኑ እንደ ክብር ይቆጥሩታል።»

«መቱና ኖፓ የምንጋጠመውንም?»

«እሱንማ በተለይ! ሁለታችንም እንግዳ ነን።»

ኡካ ደጃፌ ላይ የታሰረው ወይፈኔ ዓይኔ ላይ ድቅን አለብኝና የበቅሎዬን ልጓም ሳብ አደረግሁ።