በእጄ ያልነካሁት ማሽን

ነገሌ አጠገብ ባለች ጤና ጣቢያ ነርስ ሳለሁ፣ አንድ ጠዋት አንዲት እናት ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። የኦክስጅን ማሽን አለን፤ ሥልጠናውን የወሰድኩት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ሥልጠና ስል፣ አዳራሽ ተቀምጬ ሥዕል አይቼ ሰርተፊኬት ተቀበልኩ እንጂ ማሽኑን በእጄ ነክቼው አላውቅም። አንዱን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ሌላውን ተጫንኩ፤ ማሽኑ ይጮኻል፣ አየር ግን የለም። ላቤ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል።

«ታውቀዋለህ ወይስ አታውቀውም?» አሉኝ ትልቋ አዋላጃችን አዴ ቱሜ።

«አላውቀውም» አልኩ፣ እናትየው እየሰማች።

አልተቆጡኝም። ክብረ መንግሥት ሆስፒታል ለምትሠራ ነርስ ጓደኛቸው ደወሉና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዙልኝ። እሷ እየነገረችኝ የላላውን ቱቦ አገኘሁና አጠበቅኩት። አየሩ መጣ፤ ጠቁሮ የነበረው የሕፃኑ ከንፈር ቀስ በቀስ ቀላ።

ሕፃኑ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ሄደ። አዴ ቱሜ ቱቦዎቹን በሙሉ ነቃቀሉና «በል ግጠም!» አሉኝ። ገጠምኩ። ነቀሉት። «አመስ፣ እንደገና!» እስከ ምሳ ሰዓት ስገጥም ቆየሁ። እጄ ሲለምደው አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አሁን እኔን አስተምረኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እኔም አላውቀውም።»