በበዓለ ኀምሳ የተጾመ ጾም

ጠዳ ላይ መኪና ስጠብቅ አንድ ሰው ሰላም አሉኝ፤ አላወቅኋቸውም። አገጫቸው ሾሏል፣ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ልጃቸው ሃና አጠገባቸው ባትቆም ኖሮ የማክሰኝቱን አያ ካሴን ዝም ብዬ ባለፍኳቸው ነበር። ለጉሮሮ ካንሰር የጨረር ሕክምና ጨርሰው ከተመለሱ ገና ወራት ናቸው። ደነገጥኩ፤ ድንጋጤዬን ለመደበቅም ቁርስ ልጋብዛችሁ አልኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጾም ነኝ» አሉ።

«በበዓለ ኀምሳ ምን ጾም አለ፣ አያ ካሴ? ረቡዕና ዓርቡ እንኳ የሚበላበት ጊዜ አይደለም እንዴ?»

«የስለት ነው» ብለው ዓይናቸውን ወደ አስፋልቱ መለሱ።

ሃና ነርስ ናት፤ አባቷን ሰው ፊት ማሳፈር አትወድም። ያን ቀን ግን ትዕግሥቷ አልቆ ነበር። «አባዬ፣ መምህር የሩቅ ሰው አይደሉም፤ እውነቱን ንገራቸው» አለች ወደ እኔ እያየች።

ቁርስ ቤት ገብተን ጥግ ያዝን። አያ ካሴ በሻከረ ድምፅ ጀመሩ፦ «በእህቴ ተዝካር አንዲት ዘመድ አጎረሰችኝ። ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ትን አለኝ፤ በአፍንጫዬ ወጣ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ። ከዚያ ወዲህ እህል እፈራለሁ። ጾም ነኝ ስል ማንም አይጠይቀኝም።»

ፍቅሩን በጉርሻ ካልሆነ መግለጽ የማያውቀው ወገኔ ያናድደኛል፤ ራሴም ከዚያው ነኝ። ሰውየው ሰው ሁሉ እያየ በረሃብ ሲያልቁ ጎረቤቱ «ምን ያሉ ጸሎተኛ ናቸው!» ሲል ከርሟል።

«ጉሮሮ ሥራ ሲፈታ ይደክማል» አለች ሃና። «ጨረሩ አድርቆታል፣ ምራቅህም ቀንሷል። መዋጡን በተውክ ቁጥር እየባሰበት ሄዶ እርጎም አልወርድ ይልሃል።»

«ምነው ልጄ፣ ከካንሰር ያወጣኝ አምላክ በረሃብ ይገድለኛል?»

«እሱማ አይገድልህም። የሚገድልህ እፍረትህ ነው።»

አያ ካሴ ወደ አስተናጋጁ ዞሩ። «እስቲ እርጎ አምጡ» አሉ።

«ቀጥ ብለህ ተቀመጥ። ትንሽ ትንሽ። ሐኪሙ እንዳሳየህ አገጭህን ዝቅ አድርገህ ዋጥ፤ አትቸኩል» አለች ሃና።

የመጀመሪያው ማንኪያ ወረደ። ሁለተኛው ላይ ሳል አጣደፋቸው፣ እንባቸው ፈሰሰ፤ ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየ። «በቃ፣ ሊተዉት ነው» ብዬ ፈራሁ። ሳሉ ሲያልፍላቸው ግን ለሚያዩዋቸው ሰዎች «ካንሰር ጎድቶኝ ነው፤ ብሉ እናንተ» አሉና ማንኪያውን መልሰው አነሡ።

ዛሬም አልወፈሩም፤ እንጀራም አይበሉም። አጥሚትና በወተት የቀጠነ ገንፎ ጥቂት ጥቂት እያሉ ቀኑን ሙሉ ይቀምሳሉ፣ በልተው ወዲያው አይተኙም፣ ክብደታቸውን ይመዘናሉ፤ ትንታው ሲበረታ ወይም ሲያተኩሳቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። መክሳቱ ቆሟል። ይህም ትልቅ ነገር ነው።

በቅርቡ ሌላ ተዝካር ላይ አገኘኋቸው። አንዲት ሴት ጉርሻ ዘረጋችላቸው። እኔ «ጾም ነኝ» የሚለውን ስጠብቅ፣ «ይህን ብውጥ ያንቀኛል፣ እህቴ፤ ይልቅ አጠገቤ ተቀመጪ» አሏትና የገንፎ ሳህናቸውን ከሰው ሁሉ ጋር ገበታው ላይ አኖሩ።