እመት ከረጢት

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው እናታችን ሙገሳ ሲጀመርላቸው «በሉ ወደ ቁም ነገሩ» ብለው የሚያቋርጡ ሰው ስለነበሩ፣ በሕይወት ሳሉ ያልወደዱትን ዛሬ አናበዛባቸውም። ሆኖም ምስጋናችንን ሳንናገር ብንሸኛቸው ደግሞ እኛው አንተኛምና፣ ጥቂት ይታገሡን።

እናታችን ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው የቆመ ሰዓት ሲመጣላቸው ክዳኑን ሳይከፍቱ «አይሠራም» ማለትን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ሰው ስለነበሩ፣ ልጃቸውም በዚያች ጠባብ ሱቅ ከባንኮኒው ሥር ተቀምጠው የቤት ሥራቸውን እየሠሩ፣ ሳይከፍቱ አለመፍረድን ከፊደል እኩል ተማሩ። እናታቸው በበኩላቸው፣ «ይህች ልጅ ጥያቄ አታቆምም፤ ወይ ዳኛ ትሆናለች ወይ ባሏን ታሰለቻለች» ይሉ እንደነበር የሚነገር ሲሆን፣ ሁለተኛው ትንቢት ስለ መፈጸሙ ባለቤታቸው ምስክር ናቸው።

ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀው በመድኃኒት ሙያ ከተመረቁ በኋላ በአንድ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ተቀጠሩ። የማደያዋ መስኮት ከእጅ በቀር የማታሳልፍ ነበረችና፣ «ቀኑን ሙሉ እጅ አየሁ እንጂ ሰው አላየሁም» እያሉ ያማርሩ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን የእናታቸውን መድኃኒት ሊወስዱ የመጡ አንድ የሒሳብ መምህር፣ የጥያቄው ብዛት ቢያስገርማቸው ጠያቂዋን ለማየት ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቷ አስጠጉ፤ ትዳሩም ከዚያው ተጀመረ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም ወልደው አሳድገዋል፤ ልጆቹም ሳል ባሳላቸው ቁጥር እንደ ተከሳሽ ይጠየቁ እንደነበር እስከ ዛሬ ይተርካሉ።

ሆስፒታሉ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በጀመረ ጊዜ፣ ተራ የሚጠብቁትን ሕሙማን የመድኃኒት አወሳሰድ እየመረመሩ ለሐኪሞች ጉባኤ የማቅረቡ ኃላፊነት ለእናታችን ተሰጠ። አዲስ ኩላሊት የተሰጠው ሰው መድኃኒቱን በየቀኑ በሰዓቱ ካልወሰደ ሰውነቱ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ስለሚያጠፋው፣ ጉባኤው በመድኃኒት የሚያመነታን ሰው አይቀበልም ነበር። ሕሙማኑ በየሩቁ ስለሚኖሩም ምርመራው በቪዲዮ ጥሪ ሆነ፤ እናታችንም መስኮቷ የውኃ ታንከር በምታሳይ አንዲት ክፍል ውስጥ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠው፣ ኔትወርኩ በተቆረጠ ቁጥር «አይ አንተ!» እያሉ እየገሠጹት፣ የብዙዎችን ቤት ከዚያ ሆነው ገቡበት። ሁልጊዜም ከሰላምታ ቀጥሎ ቃላቸው አንድ ነበር፤ «እስቲ የመድኃኒቱን ከረጢት ያምጡና ጠረጴዛው ላይ ይዘርግፉልኝ።» ከከረጢቱም ከጎረቤት የተዋሱት የራስ ምታት ክኒን፣ ጊዜው ያለፈ ሽሮፕና ምንነቱን ባለቤቱም የማያውቀው ዱቄት ሁሉ ይወጣ ነበር። እመት ከረጢት የሚለውን ስም ያወጡላቸው ሕሙማኑ ናቸው፤ እሳቸውም ወደውት ነበር።

ከነዚያ ሕሙማን አንዱ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ታላቅ እህታቸው ኩላሊታቸውን ሊሰጧቸው ተዘጋጅተው ሳለ የሹፌሩ የደም ግፊት አልወርድ በማለቱ፣ ጉባኤው «መድኃኒቱን አይወስዱም» ብሎ ከተራው ሊያስወጣቸው የቀረው የእናታችን ቃል ብቻ ነበር። ሹፌሩ በጥሪው ላይ ቢምሉ ቢገዘቱም እናታችን መሐላ አልፈለጉም፤ «ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት አድርገው ዛሬ እኔ ፊት ይውሰዱልኝ» አሏቸው። ሹፌሩም ክኒኗን አወጡ፣ ከመሐል ሰበሯት፣ ግማሿን ወደ አፋቸው ከተቱና፣ እጅ ከለመደ ምን ይደረጋል፣ ሌላዋን ግማሽ ካሜራው ወደማያሳየው ጎን ዘረጉ። ከዚያም የአንዲት ሴት እጅ መጥታ ተቀበለች።

እናታችን አልጮኹም፤ ባለ እጇ ወደ ካሜራው ጠጋ እንዲሉ ለመኑ እንጂ። የሹፌሩ ባለቤትም እንባቸው እየቀደማቸው እሳቸውም ግፊት እንዳለባቸው ተናገሩና፣ «እኔም ታምሜያለሁ ካልኩ፣ እሱን ማን ያስታምመዋል ብላችሁ ትሰርዙብኛላችሁ ብዬ ነው» ሲሉ ተናዘዙ። እናታችንም፣ «ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይኸው ባልሽም በግማሽ ክኒን ግማሽ ሰው ሆነ» አሏቸው። በማግስቱ ጉባኤው ፊት ቆመው፣ «ይህ ሰው መድኃኒት አይተውም፣ ያካፍላል፤ የሚተወውን መመለስ ይከብዳል፣ ለሚያካፍለው ግን ሁለተኛ ብልቃጥ ይበቃዋል» ብለው ተከራከሩና ጊዜ አሰጧቸው። ሚስትየዋ የራሳቸውን ሕክምና ጀመሩ፣ የባልየውም ግፊት ወረደ፣ የእህታቸው ኩላሊትም ተተከለላቸው። ባልየው መሪያቸውን እንደገና በጨበጡ ዕለት እናታችን ከሰው ተደብቀው እንዳለቀሱ ባለቤታቸው ነግረውናል።

እናታችን በኋላ የልብ ድካም አደረባቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ እሳቸውም ሽንት የምታበዛውን ክኒን ጥሪ ባለባቸው ቀን ሳይውጡ ይቀሩ ኖሯል፤ ሰው በሚያናግሩበት መሐል መነሳት አፍረው ነበር። ሴት ልጃቸው ይህን ስትደርስበት፣ «እማዬ፣ አሁን ደግሞ ተራሽ ነው፤ ከረጢቱን ዘርግፊው» ብትላቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ከዚያ ወዲህም አንዲት ክኒን አላስቀሩም፤ ዕድሜያቸውም በዚሁ እንደረዘመ ሐኪማቸው መስክረዋል። በመጨረሻዎቹ ወራት የሹፌሩ ባለቤት እየተመላለሱ፣ ፀጉራቸውን እያበጠሩና ትራሳቸውን እያስተካከሉ፣ እንደ ልጅ አስታመሟቸው። «ማን ያስታምማል?» የሚለው ጥያቄ መልሱን ያገኘው በእናታችን ቤት ነው። እናታችንም በቤተሰባቸው ተከብበው፣ ሳይጨነቁ፣ በሰላም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና በሕይወት ያሉ ታላቅ ወንድማቸውን ትተውልን ሄደዋል። በሥጋ የማይዛመዷቸው፣ ነገር ግን ዛሬ ደህና ሆነው የሚውሉ ብዙዎችም ከነዚሁ ይቆጠሩልን። ሁላችንንም ወደዚህ ያመጣንን አውቶቡስ የነዱት እኒያ ሹፌር ናቸው፤ «ሌላ ሰው ይንዳ፣ አንተ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጥ» ቢባሉ፣ «እሳቸውን ሌላ ሰው አይሸኝልኝም» ብለው እምቢ አሉ።

የነፍሳችን ጌታ ሆይ፣ ስንቱን ቤት በትዕግሥት የጎበኙትን እናታችንን አንተም በቤትህ ተቀበልልን፤ ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለቀረነው መጽናናትን ስጠን። ሹፌሩና ባለቤታቸው ዛሬ ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት፣ እናታችን እንዳዘዟቸው፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ሙሉ ክኒን ውጠው ነው የመጡት።