«ሳይ» ከላይ፣ «መሸ» ከታች

የቦንጋውን ጡረተኛ መምህር የጋሽ ገብሬን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ በስልክ እንዲነበብ ኮምፒውተር ላይ እየገለበጥኩ ነው። የሥራችን ደንብ፣ መስመር መጨረሻ ላይ የተቆረጠ ቃል ከቀሪው ጋር ይቀጠል ይላል። የአማርኛ መጽሐፍ ደግሞ ቃል ሲቆርጥ ሰረዝ እንኳ አያደርግም፤ መገመት የኛ ፈንታ ነው። አንዱ መስመር «ሳይ» ብሎ አለቀ፤ የሚቀጥለው «መሸ» ብሎ ጀመረ። ብቀጥለው «ሳይመሸ» ሆነ። የፊደል ግድፈት መሰለኝና «ሳይመሽ» ብዬ አረምኩት።

ቤታቸው ሄጄ ሳነብላቸው ባለቤታቸው እትዬ አስካለም አጠገባችን ተቀምጠዋል። ጋሽ ገብሬ እሳቸውን መጀመሪያ ዋጫ ገበያ ያዩበት ቀን ላይ ደረስኩ፦ «ከዋርካው ጀርባ ቆሜ ሳይመሽ፣ ሳላናግራት ተመለስኩ።»

«ቆይ እስቲ» አሉ ጋሽ ገብሬ። «ሳይመሽ ማን አለ? ቆሜ ሳይ፣ መሸ ነው። እሷን ሳይ መሸብኝ።»

ላስተካክል ስል እትዬ አስካለ እጄን ያዙኝ። «ምን አጠፋህ ልጄ፤ እኔም እስከ ዛሬ ሳይመሽ የሄደ ነበር የሚመስለኝ። ገበያው እስኪበተን በዓይኔ ስፈልገው ነበር።»

ጋሽ ገብሬ መጽሐፉንም እኔንም ረስተው ወደሳቸው ዞሩ።

«ፈልገሽኝ ነበር እንዴ?»