መልሼ የወሰድኩት ጋቢ

በኛ ጊዜ ምጽዋት የሚሰጥ ሰው ብዙ ነበር፤ ለምን እንደሚሰጥ ራሱን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም አልጠይቅም ነበር። እናንተ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስለ መስጠት አጫውቱን ብላችሁ ስትመጡ ጥሩ ጥሩውን እንድነግራችሁ ፈልጋችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን ያለኝ አንድ ነገር ነው፣ እሱም አያኮራም። ታዲያ ስሙኝ።

ያኔ ደርግ ነው። እኔ እዚሁ ኮልፌ አናጢ ነበርኩ፤ አልጋና ቁምሳጥን እሠራለሁ፣ ሥራዬ መጥፎ አልነበረም። አንድ ልጅ ብቻ ነበረን፣ ደረጀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው እና ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙን ጻፈው። ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ፣ "ያለኝ እሱ ብቻ ነው" አልኩት። "የእናት አገር ልጅ ነው፣ የአንተ ብቻ አይደለም" አለኝ። በቃ። ጦር ኃይሎች ጋ በመኪና ሲያሳልፏቸው እናቱና እኔ ከመንገዱ ዳር ቆመን አየነው፤ እጁን አወጣ፣ ከዚያ የሌሎቹ እጆች ሸፈኑት። ወደ ሰሜን ነው የወሰዷቸው። ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ቀጥ አለ።

ባለቤቴ እቴነሽ ያን ጊዜ ጥጥ ስትፈትል ከረመች። ፈትሉን ለሸማኔ ሰጠችው እና አንድ ወፍራም ጋቢ ወጣው። እኔ ታዲያ "ለስለት ይሁን" አልኳት። ስለት እንግዲህ ታውቃላችሁ፣ የለመኑት ሲደርስ ነው የሚገባው። እኔ ግን ቸኮልኩ። ሥራ ስቀበል ቀብድ እቀበላለሁ አይደል? ቀብድ የበላ ሰው ሥራውን መጨረስ አለበት። እና ለእመቤታችንም ቀብድ የሰጠሁ መሰለኝ። ልብ በሉ፣ በአፌ እንደዚያ አላልኩም፤ በሆዴ ግን እንደዚያ ነበር።

ጋቢውን ለማን ሰጠሁት? እዚሁ ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ይቀመጡ ነበር። ከጎጃም ለሕክምና ዘነበወርቅ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ የሥጋ ደዌ ጣቶቻቸውን የጨረሰባቸው ሰው ናቸው። ዛሬ ነው አንቱ የምላቸው። ያኔ በዕድሜ ቢበልጡኝም አንተ ነበር የምላቸው፤ እሳቸው ግን እኔን "ጌታዬ" ይሉኛል። ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጋቢውን ዘርግቼ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግኩት። እጄ እንዳይነካቸው ተጠንቅቄ ነው። "ልጄ እንዲመለስ ጸልይ፣ ደረጀ ይባላል፣ ወታደር ነው" አልኳቸው። "የክርስትና ስሙንስ ጌታዬ?" አሉኝ፣ ነገርኳቸው። ያየ ሰው ሁሉ መረቀኝ፣ እና ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ወራት አለፈ። ነሐሴ ላይ፣ ገና ሲነጋጋ፣ የዕድር ሰዎች በራችንን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት ዕድር ለምን እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። እቴነሽ ገና ሳይናገሩ ጮኸች። አብሮት የነበረ ልጅ ቆስሎ ተመልሶ ኖሮ፣ ሲሞት አይቻለሁ ብሏል። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፣ ፎቶውን አልጋው ላይ አድርገው አለቀሱ። እነሱ አለቀሱ፤ እኔን እንባ እንቢ አለኝ። ያለኝ ንዴት ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ከልቅሶው መሀል ተነሥቼ ወጣሁ። "ወዴት ነው?" ሲሉኝ "መጣሁ" አልኩ እና በዝናብ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ለመሳለም አይደለም።

ጋሽ ወልዴ ላስቲክ ለብሰው፣ ከላስቲኩ ሥር ጋቢውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

"ጋቢውን አምጣ" አልኳቸው።

"ምን አሉኝ ጌታዬ?"

"ጋቢዬን አምጣ። ልጄ ሞቷል።"

"ደረጀ?" አሉ። ስሙን አልረሱትም። "እኔን ይድፋኝ። ዛሬ ጠዋት እንኳ ስሙን ጠርቼ ነበር" አሉ እና እንባቸው ወረደ።

እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ነኝ። ትሰሙኛላችሁ? ሰውየው ለልጄ እያለቀሱ እኔ እጄን አላጠፍኩም። ጋቢውን ከላያቸው አወለቁ፣ በነዚያ ጣት በሌላቸው እጆች ሊያጣጥፉት ሞከሩ፣ ያመልጣቸዋል፣ ደግመው ይይዙታል፣ እንደገና ያመልጣቸዋል፤ እኔ ቆሜ አያለሁ፣ አላገዝኳቸውም። እዚያው በሩ ላይ ጧፍ የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ቀስ ብላ "ኧረ ተው፣ ነውር ነው" አለችኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ። ታዲያ ተቀብዬ ልሄድ ስል "ይቆዩ ጌታዬ፣ እቤት ሳይደርሱ ይበሰብስብዎታል" ብለው ያን ላስቲካቸውን አነሡና ጠቀለሉልኝ። ይዤው ሄድኩ። አዎ፣ ላስቲኩንም።

ቤት ስገባ እቴነሽ ፍራሽ ላይ ከልቅሶኞቹ ጋር ተቀምጣለች። የገዛ ፈትሏን አወቀችው። ሰው እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ፣

"ከሰውየው ላይ ወሰድከው?" አለችኝ።

"ሰጠኝ።"

"ምን አሉህ?"

"አለቀሰ።"

"አንተ ለስለት ነው ስትል ዝም አልኩህ" አለች። "እኔ ግን ስፈትለው ልጄን ላስመልስበት ብዬ አይደለም። እሱ ያለበት አገር ይበርደው ይሆን እያልኩ ነው የፈተልኩት። ለሱ መላክ አልችልም፤ እኒያን ሰው ግን በር ላይ ሲንቀጠቀጡ አይቻቸዋለሁ፣ እሳቸው ይሙቃቸው አልኩ። አንተ የሰጠኸውን መልሰህ ወሰድክ፤ እኔ የሰጠሁትን ማን ውሰድ አለህ?"

"ነገ እመልሰዋለሁ" አልኳት። ነገ ግን አልሄድኩም። በምን ፊቴ ልሂድ? ዛሬ ነገ ስል ሦስት ቀን፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ጋቢው እኛ ቤት ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

በአራተኛው ጋቢውን ይዤ ብሄድ ቦታቸው ባዶ ነው። ጧፍ ሻጯ "ታመው ዘነበወርቅ ቤታቸው ተኝተዋል" አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። እየጠየቅኩ ሄጄ አገኘኋቸው። አንዲት የጭቃ ክፍል ናት፤ መደብ ላይ ጆንያ ለብሰው ተኝተዋል፣ ያስላቸዋል። ከበሩ ሲያዩኝ ሊነሡ ሞከሩ።

"ልቅሶ ሳልደርስዎ ቀረሁ፣ ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ" አሉኝ። "ልመጣ አስቤ ነበር፤ ሰው ከኔ ጋር መቀመጥ ይከብደዋል ብዬ ነው የተውኩት።"

እሳቸው ናቸው እኔን ይቅርታ የጠየቁት።

"ይቀመጡ" አሉኝ፣ "እዚሁ እናልቅስለት።"

ታዲያ መደቡ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ እና ያ ሁሉ ቀን እንቢ ያለኝ እንባ መጣ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በዚያ እጃቸው ጀርባዬን እያሻሹ፣ ልጁን አይተውት አያውቁምና ምን ይመስል እንደነበር ጠየቁኝ። ቁመቱን ነገርኳቸው፣ ሳቁን ነገርኳቸው፣ መጋዝ ሲይዝ በግራ እጁ እንደነበር ነገርኳቸው። ቤቴ ውስጥ ይህን ለማንም አልነገርኩም ነበር። በኋላ ተነሥቼ ጋቢውን ደረብኩላቸው፣ በገዛ እጄ፣ ጫፉን አንገታቸው ሥር አስገብቼ።

"ለደረጀ ነፍስ ነው?" አሉኝ።

"አይደለም" አልኩ። "እርስዎ እንዳይበርድዎ ነው።"

ለመስቀል አልደረሱም። "ድሮም ደረታቸው ደካማ ነበር" አሉኝ ጎረቤቶቻቸው፤ እኔን ለማጽናናት ነው። ሊሆን ይችላል። እኔ የማውቀው ያን ሁሉ ቀን ሲዘንብባቸው ጋቢውም ላስቲኩም እኔ ቤት እንደነበሩ ነው። ይህን ማንም ከላዬ አያወርደውም፣ እኔም አውርዱልኝ አልልም።

እና ስለ መስጠት ካላችሁኝ፣ እኔ ያን ጋቢ የሰጠሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ግዢ ነበር። ዛሬም ለሰው እጄን ስዘረጋ ሆዴን እመረምራለሁ፣ እና አንዳንድ ቀን ያው የድሮው ነገር እዚያው ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ታዲያ ያን ቀንም ቢሆን መስጠቱን አልተውም፣ የበረደው ሰው ምን በደለ? ግን ሰጠሁ ብዬ አላወራም።

(ከሚሰሙት ልጆች አንዷ፣ "የዚያን ቀን ጋቢውን አልብሰዋቸው ሲመለሱ ባለቤትዎ ምን አሉ?" አለቻቸው።)

እቴነሽ? እሷማ ያው ፍራሹ ላይ ነበረች። ምን አልካቸው፣ ምን አሉህ የለ። "ለበሱት?" ብቻ ነው ያለችኝ። "ለበሱት" አልኳት። "ተመስገን" አለች፣ እና ወደ ልቅሶዋ ተመለሰች።